ሕፃኑ 4 ወር ሲሞላው ስለ ለውዝ አውሩ

«እንዴ ሲስተር! ለውዝ? ሦስት ዓመት ሳይሞላው?»

ይህን ያለችኝ እናት የ9 ወር ልጇን ለምርመራ ይዛ የመጣች ናት። ልጁ ለውዝ ቀምሶ ያውቅ እንደሆነ ነበር የጠየቅኳት። ማን እንዲህ እንዳላት ስጠይቃት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷን ደግሞ ያኔ የልጆቿ ሐኪም ነግሯታል። ሐኪሙ ከራሱ አላመጣውም፣ በጊዜው የተጻፈው እንደዚያ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ 3 ዓመታቸው ለውዝ እንዳይቀምሱ መከረ፣ በ2008 ደግሞ በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ ምክሩን አነሣ። ከወረቀቱ ላይ ተነሣ እንጂ ከሰው አፍ አልወጣም። ያ ልጅ በ2፣ በ4 እና በ6 ወሩ እኛ ጋ መጥቶ ተመዝኗል፣ ተከትቧል። ስለ ለውዝ ግን ለእናቱ ቃል የተነፈሰ ሰው የለም። እኔም አልነገርኳትም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት የሚታዩበት ክሊኒክ ለምትሠሩ ሁሉ ነው። ሐኪምም ሁኑ፣ ነርስም ሁኑ፣ ሜዲካል አሲስታንትም ሁኑ። እናቶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ቀጠሮ ላይ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት። ለውዝ ስል ኦቾሎኒ ማለቴ ነው። ሁለቱንም ስም የምንጠራው እየቀያየርን ነው፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ለውዝ ሲባል አልመንድ ይመስለዋል። ስለዚህ ለእናት ስታስረዱ ቃሉን ብቻ አትመኑ። የለውዝ ቅቤውን ማሰሮ አሳዩዋት፣ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አውጡላት።

ማወቁ አልጎደለንም

ነገሩ የተገለበጠው በእስራኤል ልጆች ነው። የለንደኑ የኪንግስ ኮሌጅ ሐኪም ጊዲዮን ላክ እና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት እንግሊዝ የሚኖሩ አይሁድ ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ እስራኤል ካሉት በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱን ምን አመጣው? እስራኤል ውስጥ ሕፃን ገና ጥርስ ሳያወጣ ባምባ ይበላል። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን ባምባን አታጡትም፣ ያ አፍ ውስጥ የሚሟሟው የለውዝ ብስኩት ነው። ከዚያ እነዚያው ሐኪሞች ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያላቸውን 640 ሕፃናት፣ ከባድ ችፌ (ኤክዜማ) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን፣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ ለውዝ እየበላ፣ ግማሹ እየራቀ እስከ 5 ዓመት ቆየ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። ለውዝ የበሉት ልጆች ላይ አለርጂው በ81 በመቶ ቀነሰ።

በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና ተላላፊ በሽታዎች ተቋም ለውዝን ለሕፃናት ቀድሞ ስለመጀመር መመሪያ አወጣ። ግልጽ መመሪያ ነው። ግን በ2020 ታትሞ በወጣ ጥናት 1,781 የሕፃናት ሐኪሞች ሲጠየቁ 93 በመቶዎቹ መመሪያውን ያውቁታል፣ ሙሉ በሙሉ የሚሠሩበት ግን 29 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ወላጅ ይፈራል፣ መመሪያውን በትክክል መተግበሩ ግራ ያጋባል፣ ክሊኒክ ውስጥ አብልቶ መጠበቅ አይመችም አሉ። እነዚህን ሦስቱንም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። መፍትሔያቸው ሌላ ስልጠና አይመስለኝም። የ4 ወሩ ቀጠሮ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተነጋግሮ መጨረስ ነው።

ለምን 4 ወር? ከባድ ችፌ ያለበት ሕፃን ለውዝ መጀመር ያለበት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በ6 ወሩ ቀጠሮ ማውራት ከጀመራችሁ፣ ምርመራ ታዝዞ፣ ውጤት ተጠብቆ፣ የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ ተይዞ ልጁ 10 ወር ይሞላዋል። ሰውነቱ ደግሞ እኛን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ በዚያ መሐል አለርጂው ሊጀምረው ይችላል። እንዲያውም የ2 ወሩ ክትባት ላይ ወሬውን መጀመር ይቻላል። «በሚቀጥለው ስትመጪ ስለ ለውዝና ስለ እንቁላል እናወራለን» ማለት ብቻ ይበቃል። እናትየዋ ቤት ሄዳ ታስብበታለች፣ ለባሏና ለእናቷ ታወራለች፣ በ4 ወር ስትመጣ ጥያቄዋን ይዛ ነው የምትመጣው።

ልብሱን አውልቁና ቆዳውን ዳስሱ

መመሪያው ሕፃናትን በሦስት ይከፍላል። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት አንድ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ ችፌ ያለበት ሁለት፣ ምንም የሌለበት ሦስት። ሁለተኛው በ6 ወር ገደማ ቤቱ ይጀምራል። ሦስተኛው ሌላ ምግብ ሲጀምር አብሮ በቤተሰቡ ልማድ መሠረት ይጀምራል። ለሁለቱም ምንም ምርመራ አያስፈልግም። ሥራው ያለው አንደኛውን ለይቶ ማውጣቱ ላይ ነው። የእኛ ልጆች ላይ ደግሞ በብዛት የሚሳሳቱት እዚሁ ጋ ነው።

የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ላይ ችፌ ማለት ቀይ ነው። ነጭ ቆዳ ላይ እውነት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ አይታይም። ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አመድ ቀለም ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከዓይን ይልቅ እጅ ነው የሚያገኘው፣ ስትዳስሱት ትናንሽ ፍሬ ፍሬ ነገር አለው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። አንድ ጊዜ የ4 ወር ሕፃን ሲታይ አብሬ ነበርኩ። እናቱ ጠዋት አጥባ ቫዝሊን ቀብታው ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ካርዱ ላይ «ደረቅ ቆዳ» ተጽፎ አለፈ። ክትባቱን ልሰጠው ጭኑን በአልኮል ስጠርገው ቫዝሊኑ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ወፍሯል፣ የጥፍር ጭረት አለበት። ልብሱን ሙሉ አወለቅነው። ክንዱ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ ሆዱ፣ ቅልጥሙ። ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ ብቻ ነበር ንጹሕ። እናትየዋን ሌሊት ይተኛል ወይ አልኳት። «ኧረ የት ይተኛል፣ ሲፋተግ ነው የሚያድረው» አለች። ማንም ስላልጠየቃት ነው እንጂ ሁለት ጊዜ የስቴሮይድ ቅባት ታዝዞለት ጨርሳለች። ያ ልጅ አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው። ቫዝሊኑን ባልጠርገው ሦስተኛው ውስጥ ተመዝግቦ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ልብሱን አውልቁ። ቅባቱን ጥረጉ። እጃችሁን አሞቁና ዳስሱ። ከባድ የሚባለው በቅባት ብቻ ያልዳነ፣ እየተመላለሰ የሚነሣና ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ መድኃኒት ደጋግሞ የሚያስፈልገው ነው፣ ስለዚህ ጥያቄያችሁም ያንን የሚያወጣ ይሁን።

አጠያየቁ ራሱ ለውጥ አለው። ሐበሻ እናትን «አለርጂ አለበት?» ብትሏት አፍንጫ ወይም ሳይነስ የምትጠይቋት ይመስላታል፣ የለም ትላለች። «ኤክዜማ» ብትሉም አንዳንዷ አታውቀውም። ችፌ በሏት። ቆዳው ያሳክከዋል ወይ፣ ጉንጩን ደረትሽ ላይ ያሻል ወይ፣ ሌሊት ይነቃል ወይ፣ የምን ቅባት ገዛሽለት፣ ስንት ጊዜ ጨረስሽ። እንቁላል ከቀመሰም ምን እንደሆነ ጠይቁ። የሚያስተረጉም ሰው ካስፈለገ የክሊኒኩን አስተርጓሚ ጥሩ፣ ትልቁን ልጅ አታስተርጉሙት። ችፌውን ማከሙንም አትርሱ፣ ለውዙን ስናስብ የሚያሳክከው ልጅ መተኛት አለበት።

ምርመራው ላይ አትቆዩ

አንደኛው ምድብ ውስጥ ላለ ልጅ የ2017ቱ መመሪያ ከመጀመሩ በፊት መመርመሩን በጣም አስቡበት ይላል። በደም ከሆነ ለውዝን ብቻ እዘዙ። ውጤቱ ከ0.35 ኪሎዩኒት በሊትር በታች ከሆነ ለውዝ መጀመር ይችላል፣ ቤቱም ሆነ ክሊኒክ። 0.35ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ አለርጂ ሐኪም ይላካል። ይህ ማለት ግን አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። ወላጅ ይህን በግልጽ መስማት አለበት፣ አለበለዚያ «ደሙ ላይ ተገኘ» ብሎ ዕድሜ ልኩን ያርቀዋል። ቆዳ ተወግቶ ሲመረመር ደግሞ እብጠቱ እስከ 2 ሚሊሜትር ከሆነ መጀመር ይችላል፣ ከ3 እስከ 7 ከሆነ ባለሙያ ፊት ይቀምሳል፣ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ አለርጂው ሳይኖርበት አይቀርም፣ ሕክምናው እዚያው ባለሙያው ጋ ይቀጥላል።

የብዙ ምግብ ፓነል አትዘዙ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ወተት፣ ዓሣ አንድ ላይ የሚመረመርበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ልጁ በሰላም ሊበላው የሚችለውን ምግብ «ፖዘቲቭ» ይላል። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉንም ያግዳል። ልጅን ልንጠብቅ ብለን ልናስርብ ነው ማለት ነው።

በ2021 ደግሞ የአሜሪካና የካናዳ የአለርጂ ማኅበራት ተስማምተው ለውዝም እንቁላልም በ6 ወር ገደማ፣ ከ4 ወር ሳይቀድም፣ ይጀመር፣ አስቀድሞ መመርመሩ ግዴታ አይደለም አሉ። ሁለቱ አባባሎች ናቸው ሐኪሞቹን ግራ የሚያጋቧቸው። የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የክሊኒካችሁ ሐኪሞች ተቀምጠው አንዱን መንገድ ይምረጡ፣ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ መመርመሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የደሙ ውጤት በሳምንት የሚመጣላችሁ ከሆነ በዚያው ቀን እዘዙ። የአለርጂ ሐኪሙ ቀጠሮ ወራት የሚወስድ ከሆነ ግን ወረቀት ልካችሁ አትቀመጡ፣ ስልክ ደውሉለትና የ5 ወር ልጅ ነው በሉት። ብዙ ጊዜ ያስገቡታል።

አያትየዋን አስቀምጧት

ሐበሻ ቤት ሕፃኑን የምታበላው ብዙ ጊዜ አያት ናት። ከአገር ቤት ለአራስ ጥየቃ መጥታ ስድስት ወር የምትቀመጥ እናት። እናትየዋን አሳምናችሁ ብትልኩ ቤት ስትደርስ «ምን ሆነሻል፣ ይህን ለሕፃን?» የሚል ይጠብቃታል። ስለዚህ አያትየዋ ከመጡ ወንበር ስጧቸው፣ ለሳቸውም አስረዱ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ፕላምፒኔትን ነው የማነሣው። «እማማ፣ ያ አገር ቤት ጤና ጣቢያ ለከሳ ልጅ የሚሰጠውን ያውቁታል? ከ6 ወር ጀምሮ ነው የሚሰጠው፣ ከለውዝ ነው የሚሠራው» ስላቸው ፊታቸው ይፈታል።

አሰጣጡን በአፋችሁ ብቻ አትንገሩ፣ ቢቻል አሳዩ። አንድ ኩባያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሙቅ ውኃ። ስኳር የሌለው፣ የላመ የለውዝ ቅቤ 2 የሻይ ማንኪያ ይወሰዳል። ከ2 እስከ 3 የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይጨመርበትና ይበጠበጣል፣ ከማንኪያው በቀስታ የሚፈስ ያህል ይቅጠን፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። በሙዝ ወይም በለመደው ገንፎ መለወስም ይቻላል። ማሰሮው ላይ ማር አለበት ወይ የሚለውን አንብቡ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ባምባ ከሆነ 21 ፍሬ ነው፣ ከ7 ወር በታች ላለ ልጅ በውኃ ይለስልስ። ፍሬው ራሱ፣ ቆሎ ውስጥ ያለው፣ ለትንንሽ ልጆች ፈጽሞ አይሰጥም፣ ያንቃል። የለውዝ ቅቤም ሳይቀጥን በማንኪያ አይጎረስም።

ልጁ ሌላ ምግብ ቀድሞ ጀምሮ ጥሩ የሚውጥ ይሁን። ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለበት ይቆይ። ጠዋት ይሁን፣ ቤት ውስጥ፣ ሥራ የሌለበት ቀን። መጀመሪያ የማንኪያ ጫፍ ታክል ይቅመስ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ምንም ከሌለ ቀሪውን እንደ ልማዱ ቀስ እያለ ይብላ፣ ከዚያ 2 ሰዓት ያህል ከዓይናችሁ አይጥፋ። አብልቶ ማስተኛት የለም።

አፉ ዙሪያ ትንሽ ሽፍታ ወይም ጥቂት እብጠት ከወጣ ማቆም፣ ለክሊኒኩ መደወል፣ ሳንነጋገር ድጋሚ አለመስጠት። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሁሉ እንደ ትንኝ ንክሻ ከተነፋ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ካሳለ ወይም ትንፋሹ ካጠረ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ድንገት ከዛለ 911 ይደወል። እዚህ ጋ አንድ ቃል ጨምሩ። «ምች ነው ብላችሁ እንዳትቆዩ።» ከንፈር አብጦ ሲታይ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ስም እሱ ነው፣ ዳማከሴ ሲፈለግ ጊዜ ይሄዳል። ቤናድሪል የሚባለው የአለርጂ መድኃኒትም ከባዱን አያቆመውም። የሚያቆመው ኤፒነፍሪን የሚባለው መርፌ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ የምታበሉ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ስጡት፣ ክፍሉ ለ2 ሰዓት ይያዝ። ኤፒነፍሪኑ ክፍሉ ውስጥ ይሁን፣ መጠኑ በልጁ ክብደት ቀድሞ ተሰልቶ ይጻፍ፣ 0.01 ሚሊግራም በኪሎ፣ ጭን ጡንቻ ላይ። በድንጋጤ ጊዜ ሒሳብ አይሠራም። ስልክ የሚያነሡትም ልጆች «ለውዝ አብልቼው ሽፍታ ወጣበት» የሚል ሰው ሲደውል መልእክት ተቀብለው የሚዘጉ ሳይሆን ወዲያው ነርስ የሚያገናኙ ይሁኑ። እንቁላልም አብሮ ይነሣ። በደንብ የተቀቀለ ይሁን፣ ጥሬ ወይም ለብ ያለ አይሁን። የምታጠባ እናት ደግሞ አለርጂ ለመከላከል ብላ ከራሷ ምግብ የምታግደው የለም።

ከዚያ በኋላ

አንዴ ቀምሶ ምንም ካልሆነ ብዙዎቹ እዚያ ያቆማሉ። «ሞከርነው፣ ደህና ነው» ይላሉ። ከለላ የሚሆነው ግን አዘውትሮ መብላቱ ነው፣ በሳምንት 3 ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው እነዚያ 2 የሻይ ማንኪያዎች። ስለዚህ በ6፣ በ9 እና በ12 ወሩ «ጀመራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ አዎ ይባላችኋል። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን በላ?» በሉ። መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት፣ የሚቀጥለው ሰው እንዲያየው።

ልፋቱ ፍሬ እያሳየ ነው። የፊላደልፊያ ሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ጥናት ከ2017ቱ መመሪያ በኋላ በትንንሽ ልጆች ላይ የሚገኘው የለውዝ አለርጂ ከበፊቱ ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሐኪሞቹ ገና በከፊል እየሠሩበት እያለ ነው ይህ የሆነው።

ያ የ9 ወር ልጅ ቆዳው ንጹሕ ነበር፣ ምርመራ አላስፈለገውም። እናቱን የማሰሮውን ፎቶ አሳይቼ፣ አበጣበጡን አሳይቼ ላክኳት። ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ባለበት ሰጠችው። በ12 ወሩ ስትመጣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን በላ አልኳት። «እሑድ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» አለችኝ። ለምን እነዚህን ቀኖች እንደመረጠች ስጠይቃት፣ ረቡዕና ዓርብ እሷ ስለምትጾም የለውዝ ቅቤው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ለራሷ ዳቦዋ ላይ ስትቀባ የሱን ትበጠብጣለች። አሁን ለጿሚ እናቶች ሁሉ የምነግራቸው የሷን ዘዴ ነው።